አንጁሎ፣ የእሜቴ ሾፌር

«ያ ተሳዳቢ ሽማግሌ አረፈላችሁ» አለኝ ጎረቤቴ፣ አጥሩ ላይ ተደግፎ።

ስም መጥራት አላስፈለገውም። ሶዶ ውስጥ ተሳዳቢ ሽማግሌ ሞልቷል፤ በሦስት ቋንቋ አጥርቶ የሚሳደብ ግን አንጁሎ ብቻ ነበር። ጎረቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፣ ቀልዱን ነው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። «አፍህን ያዝ!» ብዬው ገባሁና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሽማግሌ ሲያለቅስ አያምርበትም፤ ቢሆንም አለቀስኩ።

ለቅሶው ላይ ሾፌሮች ተሰብስበው ስለ ምላሱ እያወሩ ሲሳሳቁ ዋሉ። ሟችም ቢሰማ ደስ የሚለው ነገር ነው፣ አልተቀየምኳቸውም። እኔ የማውቀው አንጁሎ ግን በዚያ ወሬ ውስጥ አልነበረም። በዴሳ በምትባል ትንሽ ከተማ ገበያ ዳር፣ ኮፈኗ በተከፈተ መኪና ፊት ቆሞ ያየሁትን ሰው ማንም አላነሳውም፤ ሊያነሳውም አይችልም፣ ነገሩን የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነበርንና። አሁን እኔ ብቻ ቀረሁ።

ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ እኔ ሶዶ በሚገኘው መሥሪያ ቤታቸው አስተርጓሚ ነበርኩ። ጣሊያንኛውን ከጦርነቱ በፊት አዲስ አበባ አንድ ጣሊያናዊ ግንበኛ ዘንድ ስሠራ ለቃቅሜዋለሁ። ወላይትኛውን ደግሞ የነፍጠኛ ልጅ ብሆንም ያደግሁት ሶዶ ነውና ከጎረቤት ልጆች ጋር ጭቃ ሳቦካ ነው የተማርኩት። አንጁሎ «ባለ ሁለት ምላስ» ይለኝ ነበር። «በአንዱ እነሱን ትልሳለህ፣ በአንዱ እኛን» ይለኛል፣ ከዚያ ሲጋራዬን ከእጄ ነጥቆ ይስባል።

እሱ የጉኑኖ ገበሬ ልጅ ነው። በልጅነቱ ሸክም ተሸክሞ አዲስ አበባ ገብቶ አንድ አርመን ጋራዥ ጎማ አጣቢ ሆነ፣ ከዚያ መካኒክ፣ ከዚያ ሾፌር። ወደ አገሩ የተመለሰው የአንድ ነጋዴ አውቶሞቢል እየነዳ ነው። ጥቁር፣ የሸራ ጣሪያ ያላት፣ ሁለት ትልልቅ የነሐስ ፋኖሶች ከፊቷ የተተከሉባት መኪና ነበረች። ጣሊያን ሲመጣ ነጋዴው ሸሸ፤ ጣሊያኖቹም መኪናዋን ከነሾፌሯ ወረሷት። አንጁሎ ጌታ ተለወጠብኝ ብሎ አያውቅም፣ እመቤቴ አንድ ናት ይል ነበርና። «እሜቴ» ነበር የሚላት። ጠዋት ሲያስነሳት «እሜቴ እንዴት አደሩ?» ይላታል፣ ዳገት ላይ ስትደክም «አይዞዎት እሜቴ፣ ትንሽ ነው የቀረዎት» ይላታል። ለሰው የነፈገውን ትሕትና ሁሉ የሰጠው ለእሷ ነበር።

ቁመቱ አጭር ነው፣ ትከሻው ሰፊ። ሞተር የሚያዳምጠው በጥርሱ ነበር። የካቻቢቴውን የእንጨት እጀታ ይነክስና የብረቱን ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል። በዚያን ጊዜ ያናገረው ሰው ወዮለት! ብልሽት ሲፈልግም አይቸኩልም። «በሬ ሲጠፋ መጀመሪያ በረቱን ፈልግ» ይል ነበር፤ ከቅርብና ከቀላሉ ጀምር ማለቱ ነው።

አንድ መጥፎ ዐመል ነበረበት፤ ጥፋት አያውቅም። ማለቴ ጥፋት ይሠራል፣ የሱ መሆኑን ግን አያምንም። አንድ ጊዜ ወደ ቦምቤ ስንሄድ ከዛፍ ጋር አጋጨን። ግንባሬ ደምቶ ወርጄ ስጮህበት ዛፉን ከላይ እስከ ታች አየውና «ይሄ ዛፍ እዚህ አልነበረም» አለኝ። ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር መንገዱ ነው የተሳሳተው፣ ብሎን ሲያጠብቅ ቢሰበርበት ፋብሪካው ነው። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» የሚል ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ አልነበረም። ሰው ሁሉ ሾፌር ሊባል የሚገባው እሱ ብቻ መሆኑን እንዲያውቅለት ይፈልግ ነበር፤ ሰዉም ያውቅለት ነበር። ሀብቱ ያ ስም ነው፣ ሌላ ነገር አልነበረውም።

ወሩ መስከረም ነው፣ የጊፋታ ሰሞን። ወላይታ አዲስ ዓመቱን ተቀብሎ፣ ሥጋና ቅቤ በየቤቱ ተትረፍርፎ ነበር። እኛ ግን ፍርሃት ላይ ነበርን። ብላቴ ወንዝ አጠገብ አርበኞች የስልክ ሽቦ ቆርጠዋል። ከዚያ በፊትም አንድ የቀን ሠራተኛ የካሚዮን ሞተር ውስጥ አሸዋ ጨምሯል ተብሎ ከሶዶ ተወስዶ አልተመለሰም። ወዴት እንደ ወሰዱት የጠየቀ የለም። «ሳቦታጆ» የሚለውን ቃል ጣሊያንኛ የማያውቀው ሰው ሁሉ ያውቀው ነበር፤ ሆን ብሎ ማበላሸት ማለት ነው፣ ቅጣቱም ሞት።

የተቆረጠውን ሽቦ እንዲያይ የታዘዘው ማሬሻሎ፣ ማለት የጣሊያኖቹ የበታች ሹም፣ ቀጭን፣ ወባ ያገረጣው ሰው ነበር። ጨካኝ ነው አልልም። ፈሪ ነበር፣ የታጠቀ ፈሪ ደግሞ ከጨካኝ ይብሳል። እሱን፣ ለጣሊያን ያደሩ ሁለት ጥቁር ወታደሮችን፣ አስካሪዎችን፣ እንዲሁም እኔን ጭኖ አንጁሎ በዴሳ ሲያደርሰን መሽቶ ነበር። ማሬሻሎው ከአስካሪዎቹ ጋር አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ አደረ። መኪናዋ አጥር ያለው ግቢ ያስፈልጋት ስለነበር የዳና እናት ግቢ ገባች፤ እኔና አንጁሎም እዚያው አደርን።

የዳና እናት እህል የምትነግድ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። አንጁሎ በዚያ ባለፈ ቁጥር እሷ ዘንድ ነበር የሚያርፈው። ዘመዱ አይደለችም፤ ሆኖም «አዬ» ይላታል፣ በወላይትኛ እናቴ ማለት ነው። የሱን ምላስ የምትችለው እሷ ብቻ ነበረች፣ በእሷ ላይም ክፉ ቃል ተናግሮ አያውቅም። በዚያች ምሽት መኪናዋ ቤንዚኗ ቆሽሾ ኖሮ እየተንኳኳችና እያሳላት ነበር ግቢው የገባችው።

«ምን ሆና ነው እንዲህ የሚያስላት?» አለች የዳና እናት፣ ደንግጣ።

«ብርድ መቷት ነው አዬ» አላት አንጁሎ፣ ፊቱን ሳይቀይር። «ደረቷ ላይ ነው። ትኩስ ነገር የሚያጠጣት ቢገኝ ይሻላት ነበር።»

እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም፣ ከንፈሯን መጠጠች። አንጁሎ ቤንዚኑን አጣርቶ ከጨረሰ በኋላ በትንሿ የዘይት ጣሳው፣ ባትሪውን ከሚመግበው ዲናሞ ጫፍ ባለችው ቀዳዳ ጠብ ጠብ እያደረገ ዘይት ጨመረ።

«ይሄ አፏ ነው?»

«አንደኛው አፏ ነው» አላትና ኮፈኑን ዘጋው።

በወላይታ ብርድ የመታው ሰው፣ ዝናብ ያገኘው መንገደኛ፣ የወለደች ሴት ትኩስ ቅቤ ይጠጣል። ልጅ ሆኜ እኔንም አፍንጫዬን ይዘው ስንት ጊዜ አጠጥተውኛል። በማግስቱ ማለዳ ፊቴን ልታጠብ ስወጣ የዳና እናትን ቅል ይዛ ከመኪናዋ አጠገብ አየኋት። ሰላምታ ተለዋወጥን። ልብ አላልኩትም።

ያን ቀን ወደ ብላቴ ወረድን። ማሬሻሎው በየምሰሶው እያስቆመ ወርዶ ያያል፣ ሞተሩም ይጠፋል፣ ይነሣል፣ ይጠፋል። ከመሪው ፊት አንዲት መርፌ አለች። ዲናሞው ባትሪውን ሲመግብ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች፣ ባትሪው ካለው ላይ ብቻ ሲበላ ወደ ግራ። ስንመለስ አንጁሎ ዓይኑን ከመርፌዋ ላይ አልነቀለም።

«ባለ ሁለት ምላስ» አለኝ በወላይትኛ፣ ቀስ ብሎ። «ዲናሞው አይመግብም። እሜቴ ከጎተራዋ እየበላች ነው።»

«ለማሬሻሎው ልንገረው?»

«ምን ብለህ? ዝም በል። በዴሳ ስደርስ አያታለሁ።»

ባትሪዋ አሮጌ ነበረች። በዴሳ ገበያ ዳር ስንደርስ መኪናዋ አንድ ሁለት ጊዜ ተንፈራገጠችና ቀጥ አለች። አንጁሎ ማስነሻውን ረገጠው፣ የሚሰማ ነገር የለም። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። በጉንም እህሉንም ትቶ ሕዝቡ ከበበን። ማሬሻሎው ወርዶ ዙሪያውን ሲያይ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርድ ነበር። ሶዶ ሳይጨልም መግባት አለበት፤ ያን መንገድ በጨለማ የሚሞክረው ነጭ አልነበረም።

«ከሶዶ ስትነሣ ደህና ነበረች» አለ። «ሌሊቱን ማን ነካት?»

ተረጎምኩለት። አንጁሎ «ከእኔ በቀር ማንም» አለ።

«እንግዲያው አንተ ነህ።» ሽጉጡን አውጥቶ ጭኑ ላይ አሳረፈው። «ንገረው፣ ፀሐይ ወደ ዳሞታ ተራራ ሳታዘነብል ብልሽቱን አግኝቶ ያሳየኝ። ምን እንደሆነና ማን እንዳደረገው። ካላሳየኝ ሳቦታጆ ነው። ደግሞ በቋንቋችሁ እንዳትንሾካሾኩ!»

ተረጎምኩለት። አንጁሎ ኮቱን አውልቆ መቀመጫዋ ላይ አስቀመጠና ኮፈኑን ከፈተ።

ከበረቱ ጀመረ። የባትሪውን ሁለት ራሶች ያዘና ነቀነቀ፣ አይላሉም። በቢላዋ ፋቅ ፋቅ አድርጎ መልሶ አጠበቃቸው። ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጊያ በአውራ ጣቱ ተጫነው፣ ውጥር ያለ ነው። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ ዳሰሰ። አንዱ ልባሱ ተልጦ ብረት ሲነካ አገኘና ቆመ፤ እኔም ተነፈስኩ። በጨርቅ ጠቀለለው፣ አየውና ራሱን ነቀነቀ። እሱ አልነበረም።

አስካሪዎቹ ጠብመንጃቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ሕዝቡ መሐል አንድ በግ ይጮሃል። የዳና እናት ከፊት ቆማ መኪናዋን ልክ እንደ ታመመ ሰው ታያት ነበር።

ከዲናሞው ወደ ባትሪው የሚሄደውን ኃይል የምትከፍትና የምትዘጋ ትንሽ ሳጥን ነበረች። ክዳኗን ነቀለ፣ ቺንጊያውንም አወለቀ። ከዚያ እንድተረጉም በዓይኑ ጠራኝ። «ይቺን ምላስ በጣቴ ስጫናት የባትሪው ኃይል ወደ ዲናሞው ይመለሳል። ዲናሞው ጤነኛ ከሆነ ያለ ሞተር ብቻውን ይዞራል። ባትሪ እንደ ደከመ በቅሎ ነው፣ ካረፈ ትንሽ ይመለሳል፣ ለዚህ አያንስም። ንገረው፣ እሱም ይይ።» ነገርኩት። ማሬሻሎው ጎንበስ አለ። አንጁሎ ተጫነ።

መርፌዋ እንኳ አልተነቃነቀችም። ዲናሞው ዝም።

«አሃ፣ አንተ ነህ!» አለ አንጁሎ ለዲናሞው፣ ሌባ እንደ ያዘ ሰው። የጎኑን መከለያ ቀለበት ፈታና አንሸራተተው። በዚያ ሰዓት ሽታው መጣ።

ቅቤ ነበር። ኮረሪማ የገባበት፣ የተነጠረ ቅቤ፣ በሞተር ግለት የተቃጠለ። ኃይሉን የሚያስተላልፉት ካርቦኖችና የሚያርፉበት መዳብ ጥቁር ቅባት ለብሰው ያብረቀርቁ ነበር። አንጁሎ ጣቱን ነክሮ አሸተተ። ቀና ብሎ እኔን አየ። ማለዳ የዳና እናት እጅ ላይ ያየሁት ቅል ትዝ አለኝ። እሱም ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ሕዝቡ መለሰ። የዳና እናት አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አድርጋ ፈገግ ብላ ነበር፣ የሰጠችው መድኃኒት መግባቱን ያወቀች ይመስል።

እንግዲህ አስቡት። እውነቱን ቢናገር እሱ ነጻ ነው። ሌሊት መኪናዋ ያደረችበት ግቢ ባለቤት፣ በጨለማ ተነሥታ ሞተር ውስጥ ባዕድ ነገር የጨመረች ሴት አለች። ማሬሻሎው የሚፈልገው ይኼንኑ ነው። ብርድ መቷት መስሏት ነው ብንለው ማን ያምነናል? እኔም ጣሊያን ብሆን አላምንም ነበር።

«ምንድነው?» አለ ማሬሻሎው፣ አጠገባችን መጥቶ። «ምንድነው የሚሸተው?»

የዳና እናት ይኼኔ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ፊት መጣች። «ልጄ፣ ንገረው እንጂ» አለች በወላይትኛ። «እኔ እኮ ማለዳ...»

«ዝም በይ!» ብሎ ጮኸባት አንጁሎ። ገበያው ሁሉ ደነገጠ። «አንቺ ቀባጣሪ አሮጊት፣ ማን ጠራሽ? ወደ ኋላ! ጥፊ ከፊቴ!» ከዚያም ደግሜ የማልጽፈውን ስድብ ጨመረላት።

በጥፊ የተመታች ያህል ወደ ኋላ ተመለሰች። ዓይኗ እንባ ሞላ። ማሬሻሎው ወደ እኔ ዞረ። «ምን ትላለች ሴትዮዋ?»

እኔ ከመመለሴ በፊት አንጁሎ በዚያ በሰባራ ጣሊያንኛው «ኮልፓ ሚያ» አለ። ጥፋቱ የኔ ነው።

ጆሮዬን አላመንኩትም።

«ንገረው» አለኝ፣ እሷ በማትሰማው በአማርኛ። «ዘይት አልቆብኝ ነበር። ቅቤም ያው ዘይት ነው ብዬ አቅልጬ አጠጣኋት። እንደሚያበላሽ አላወቅኩም።»

«አላወቅኩም» አለ! አንጁሎ! «ተርጉም እንጂ!» ብሎ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ተረጎምኩ። እያንዳንዱን ቃል ስናገር የሰውየውን ልብስ በገበያ መሐል እያወለቅሁ ያለሁ መሰለኝ።

ማሬሻሎው ወደ እሱ ዞረ። «ይህን ያህል ዓመት ነድተህ ይህን አታውቅም?»

«አላውቅም።»

«ውሸት ነው። ማንን ነው የምትሸፍነው?» ሽጉጡን ደረቱ ላይ አደረገው። «ቅቤው ነው ካልክ አጽዳው። ጸድቶ ከሠራ ደንቆሮ ነህ። ካልሠራ ሌላ ያበላሸኸው ነገር አለ፣ እዚሁ እጨርስሃለሁ።»

ፀሐይዋ ዳሞታን ልትነካ ጥቂት ቀርቷት ነበር። አንጁሎ ጨርቅ በቤንዚን አርሶ መዳቡን እያዞረ ጠረገው። ካርቦኖቹን አውጥቶ አጠባቸው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፋቃቸው፣ በየቤታቸው መለሳቸው። ቅቤው ምን ያህል ወደ ውስጥ ዘልቆ እንደሆነ ማን ያውቃል? ውስጥ ያለው የሽቦ ጥምጥም ተቃጥሎ ቢሆንስ? እሱም ይህን እንደሚያስብ ከመንጋጋው አወቅሁ፣ ጥርሱን ነክሶ ነበርና። መጨረሻ ላይ የሳጥኗን ምላስ በጣቱ ተጫነ።

ምንም የለም።

ማሬሻሎው ሽጉጡን አቀባበለ። አንጁሎ ጣቱን አንሥቶ በሸሚዙ ጠረገውና መዳቡን እንደገና በደረቅ ጨርቅ አሸው፣ ረጅም ጊዜ አሸው። «እሜቴ» አለ በአማርኛ፣ «ያዋርዱኝ እንጂ አይግደሉኝ።» ተጫነ።

ዲናሞው እንደ እንቅልፋም ሰው ተነቃነቀ፣ ቆመ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ።

ቺንጊያውን መለሰ፣ ማኖቬላውን፣ የእጅ ማስነሻውን፣ ራሱ አዞረው። ባትሪዋ በማረፏ የመለሰችው ትንሽ ኃይል በቃ፤ መኪናዋ አሳላት፣ አሳላትና ተነሣች። ቤንዚኑን ሰጣት። ማሬሻሎው፣ እኔና አስካሪዎቹ ሳይቀሩ አንገታችንን አስገብተን መርፌዋን አየን። ከግራ ተነሥታ መሐል ላይ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አለፈች። እኔም መርገጫዋ ላይ ተቀመጥኩ።

«እንግዲያው ድንቁርና ነው» አለ ማሬሻሎው፣ ሽጉጡን ወደ አፎቱ መልሶ። «ድንቁርና በጅራፍ ይድናል።»

ሸሚዙን አስወልቀው አስካሪዎቹ ገበያው መሐል ገረፉት። በሦስት ቋንቋ የሚሳደበው አንጁሎ በአንዱም ትንፍሽ አላለም። እኔ ዞሬ ቆምኩ፣ የጅራፉ ድምፅ ግን አሁንም ይሰማኛል።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሶዶ ገባ። የጣሊያን መካኒኮች መኪና ቅቤ አጠጣ እያሉ ለወራት ሳቁበት፤ ከነጻነት በኋላም ሻሸመኔ መንገድ ላይ ካሚዮን ሲነዳ ሾፌሮች ከሩቅ ሲያዩት «ዛሬስ ምን ትጠጣለች?» ይሉት ነበር። በሌላ ነገር ቢነኩት መፍቻ የሚወረውር ሰው በዚህ ግን ምራቁን ይተፋና ያልፋል። የዳና እናት ከሞተች በኋላ «አሁንስ ልናገርልህ» ብዬ ለመንኩት። «ምን ብለህ?» አለኝ። «ብርድ መቷት ነው፣ ትኩስ ነገር ይሻላታል ያልኩት እኔ አይደለሁም? ሴትዮዋ ሐኪሙ ያዘዘውን ሰጠች። ዝም በል አንተ ባለ ሁለት ምላስ።» ዝም አልኩ። ስሙን የሚያህል ሀብት ከፍሎ የገዛውን ነገር እኔ በወሬ ላባክነው አልፈለግሁም።

ያን ዕለት ግን ነገሩ በጅራፉ አላለቀም። ማሬሻሎው ዕቃውን ሊያስጭን ወደ መጋዘኑ ሲሄድ አንጁሎ ሞተሩን ማጥፋት ፈርቶ እያሠራት፣ የጭቃ መከላከያዋ ላይ በሁለት እጁ ተደግፎ ቆመ። ጀርባው ለማየት አይቻልም ነበር። ሕዝቡ ተበትኗል። የዳና እናት መጣች።

እንደ ተቀየመች ነበር። ፊቱን አላየችም፣ ከኋላው ሄዳ ቆመች። በቅጠል የጠቀለለችው ለጋ ቅቤ ይዛ ነበር። እየቆነጠረች ጀርባውን ትቀባው ጀመር፣ እሱም ሲያመው ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

«ለምንድነው የገረፉህ?» አለችው በመጨረሻ።

አንጁሎ ዞሮ ወደ እኔ አየ። ያ አስተያየት ከማሬሻሎው ሽጉጥ የበለጠ አስፈራኝ።

«ሰደብኩት» አላት።

«አውቄ ነበር። አላልኩህም? ሺህ ጊዜ አላልኩህም? ዛሬስ እኔን እንኳ አልማርከኝም፣ በሰው ፊት እንደ ውሻ አባረርከኝ። እናቴ የምትለኝን!» ድምፏ ተሰበረ፣ እጇ ግን መቀባቱን አላቋረጠም። «ጀርባህንስ ይኸው በቅቤ አሸሁልህ። አፍህን በምን ልሽልህ?»

አልቻልኩም። «የዳና እናት...» ብዬ ልጀምር ስል አንጁሎ ቀደመኝ።

«እውነትሽን ነው አዬ» አላት፣ አንገቱን ደፍቶ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»